ለታጋይ ልጅ ሁለተኛ ጥበብ ስለ መምረጥ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ትግል ነው፤ ይኸውም በምሳሌ የሚነገረው የኑሮ ትግል ሳይሆን፥ ሁለት ጐበዞች ወገብ ለወገብ ተያይዘው አንዱ ሌላውን በጀርባው ለመጣል የሚያደርጉት እውነተኛው ትግል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከምትሠሩት መካከል ጕልበቱ የጠና፥ መታገል የሚወድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ጥቂቶች አይደላችሁም። ልጁ ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ማታ፥ «አባባ፥ ቴኳንዶ አስገባኝ» ወይም «ቦክስ ልማር» ይላል። አባትየው የወር ክፍያውን ብቻ ጠይቆ ይፈቅዳል፤ ወይም «ጥጋብ ነው» ብሎ ይከለክላል። ፈቃዱም ሆነ ክልከላው ነገሩ ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ነው። ልጅዎ አስቀድሞ የያዘው አንድ ጥበብ አለ፤ እርሱም ትግል ነው። አሁን የሚጨመረው ሁለተኛው ጥበብ የመጀመሪያውን የሚያጸናለት ነው ወይስ የሚያስጥለው? ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናንሳፍፈው በአንድ ቦታ እናስቀምጠው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ጊኒር ተዛውሮ ቤተ ሰቡን ይዞ ሄደ እንበል። ጊኒር ከሮቤና ከጎባ በስተ ምሥራቅ፥ የባሌ ደጋ ወደ ቆላው በሚያዘነብልበት ላይ የምትገኝ የቆየች የንግድ ከተማ ናት፤ በዛሬው ዘመንም የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገደኛ ድሬ ሼክ ሑሴንን ይሳለማል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ የወይብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበትን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያያል። የሠራተኛው ልጅ በጊኒር ትምህርት ቤት በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትግል ይለምዳል። ማንም አያስተምረውም፤ ጓደኞቹ ይጥሉታል፥ ይነሣል፥ እንደ ገና ይጥሉታል፥ በመጨረሻም እርሱ ይጥላል። ይህን ጨዋታ ኦሮሞች በቋንቋቸው ወልኣንሶ ይሉታል። ከብት ጠባቂው በመስክ፥ ተማሪው በዕረፍት ሰዓት በሜዳ የሚጫወተው ነው፤ ልብስ አይጠይቅም፥ ክፍያ አይጠይቅም፥ የሚጠይቀው ጓደኛ ብቻ ነው።

ከከተማ የሄደው አባት ግን ብዙ ጊዜ ይህን ትምህርት አይለውም። ነጭ ልብስ ለብሶ ቀበቶ ታጥቆ የሚሠራው ሥልጣኔ፥ በሣር ላይ የሚደረገው ደግሞ የባላገር ጨዋታ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ያሳዝናል። ትግል በአገራችን ከገና ጨዋታ፥ ከፈረስ ጕግስና ከገበጣ ጋራ በባህል ስፖርትነት ደንብ ወጥቶለት ክልሎች በየዓመቱ የሚገናኙበት ውድድር ነው። በዓለም መድረክም ቢሆን የግሪክና የሮማ የሚባለው የትግል ስልት እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና በተደረገው በመጀመሪያው ያዲሱ ዘመን ኦሊምፒክ ላይ ነበረ፤ ነጻ ትግል በ1904 ገባ፤ ከ2004 ጀምሮም ሴቶች ይታገሉበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ልጅ» ስንል ሴት ልጅንም ማለታችን ነው። ልጁ ቴኳንዶ ገብቶ ትግሉን ንቆ ቢተወው፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።

እንግዲህ የሜዳ ታጋይ ምን ይዞአል፥ ምንስ ይጐድለዋል? የያዘው ብዙ ነው። አጨባበጥ ያውቃል፤ የሌላውን ሰው ክብደት በወገቡ ይመዝናል፤ ባላጋራው ሊጠልፈው ሲያስብ እግሩ ከመነሣቱ በፊት በደረቱ ይሰማዋል። ይህ ስሜት በመጽሐፍ አይገኝም፤ ከፍ ካለ በኋላም ለመማር አስቸጋሪ ነው። የሚጐድለው ግን ከሁሉ አስቀድሞ መውደቅ ነው። ነገሩ ያስቅ ይሆናል፤ በየቀኑ የሚወድቅ ልጅ መውደቅ አያውቅም ይባላልን? አዎን፥ አያውቅም። የሚጣል ልጅ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ይሞክራል፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በዚያች እጅ ላይ ሲያርፍ አንጓው ወይም ክንዱ ይሰበራል፤ በትከሻው ከወደቀም ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ያንገት አጥንቱ ነው። በየሰፈሩ ወጌሻ ዘንድ ከሚወሰዱት ልጆች መካከል በትግል የተጐዳ አይታጣም። በዚህም ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም፤ የተሰበረ እጅ በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር የደም መተላለፊያው ተዘግቶ ሥጋው ሊሞትና እጅ እስከ ማስቈረጥ ሊደርስ እንደሚችል ሐኪሞቻችን በየጊዜው የሚያዩት ነው። በጊኒርም በጎባም ሆስፒታል አለ፤ ልጁን ወደዚያው ይውሰዱት።

አወዳደቅን እንደ አንድ ትምህርት አድርጎ ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው ጥበብ ጁዶ ነው። የጁዶ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ሰው በመጣል አይደለም፤ ራሱ በመውደቅ ነው። አገጩን ከደረቱ ያስጠጋል፥ ጀርባውን ያጐብጣል፥ ትንፋሹን ያወጣል፥ እጁን ወደ ኋላ ሳይደገፍ በክንዱና በመዳፉ በጐኑ በኩል መሬቱን ይመታል፤ በዚህም የአወዳደቁ ኀይል በሰፊው ተበትኖ በአንድ አጥንት ላይ ሳያርፍ ይቀራል። ይህን የለመደ ታጋይ ሁለት ጥቅም ያገኛል። አንደኛው የአጥንቱ ጤንነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድፍረት ነው፤ መውደቅን የማይፈራ ልጅ አዲስ ስልት ለመሞከር አይሰንፍም።

የጁዶ አመጣጥም ቢሆን ለጉዳያችን የቀረበ ነው። መሥራቹ ጂጎሮ ካኖ በወጣትነቱ ሰውነቱ ደቃቃ ስለ ነበረ ጕልበተኞች ያስቸግሩት ነበር። የጥንቱን የጃፓን የመታገል ጥበብ ተምሮ፥ አደገኛውን እየቀነሰ ለልምምድ የሚስማማውን እያስቀረ፥ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶክዮ ከተማ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ምንጣፍ በሚያህል ክፍል ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ሊጥለው ያልቻለ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ነበረ የምዕራባውያንን የትግል መጻሕፍት ሳይቀር አገላብጦ ሰውን በትከሻ ተሸክሞ የመገልበጥን ስልት እንዳወጣ ይነገርለታል። ዛሬ ልጆቻችን የሚመኙት ጥቁር ቀበቶ እንኳ የማዕረግ ምልክት ሆኖ የተጀመረው በካኖ ትምህርት ቤት ነው።

ጁዶ በኦሊምፒክ የገባው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 በቶክዮ ነው። ያ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያውያን የታወቀ ነው፤ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ያገኘበት ነውና። አበበ በሮጠ በሁለተኛው ቀን በዚያው ከተማ ጃፓኖችን ያስለቀሰ አንድ ግጥሚያ ተደረገ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የኔዘርላንድ ሰው አንቶን ኼሲንክ ክብደት በማይለይበት የጁዶ ውድድር የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን አሸነፈ። ያሸነፈውም በአየር ላይ ወርውሮ አይደለም፤ መሬት ላይ አጋድሞ፥ ጭንቅላቱንና ክንዱን አቅፎ፥ እንዳይነሣ አድርጎ በመያዝ ነው። ኼሲንክ ትግልም የተማረ ሰው ነበር። የጃፓን ጥበብ በጃፓን ምድር፥ ከጣለ በኋላ መያዝን በሚያውቅ ሰው ተሸነፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሜዳ ታጋያችን ሁለተኛው ጕድለት ይህ ነው፤ ባላጋራውን ከጣለ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፥ እጁን ለቅቆ ይነሣል።

ጁዶ ሁሉን ያሟላል ማለት ግን አይደለም። ካባ መሰል ወፍራም ልብስ ይለበሳል፤ አብዛኛው አያያዝ በዚያ ልብስ እጅጌና ኮሌታ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ታጋዩ ልብሱ ሲወልቅ እጁ ባዶውን የቀረ ይመስለዋል። ከዚህም ሌላ የዓለም የጁዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የባላጋራን እግር በእጅ መያዝን ገደበ፤ በ2013ም ጨርሶ ከለከለ። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ጭን ወይም ቋንጃ ይዞ መንቀል የለመደ ልጅ በጁዶ ውድድር ላይ ይህን ቢያደርግ ይቀጣል። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ለልጁ ሊያስረዳው ይገባል፤ አለዚያ ልጁ ጥሩ ስልቱን እንደ ጥፋት ቈጥሮ ይተወዋል።

አሁን ወደ ጊኒር እንመለስ። የጁዶ መምህር እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። በአገራችን ከተሞች ሁሉ የተስፋፋው ቴኳንዶ ነው፤ ሳቦም የሚባሉት መምህራን በቀበሌ አዳራሽ፥ በወጣት ማእከል፥ በትምህርት ቤት ግቢ ሳይቀር ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው የቶክዮ ኦሊምፒክ ላይ ሰሎሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ተወዳድሮአል። የልጆቻችን ፍላጎት በዚህ በኩል ቢያዘነብል አይገርምም።

ቴኳንዶ ለታጋይ የሚሰጠው ምንድን ነው? የዳሌ መፍታታት፥ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ የርቀት ዕውቀት ነው። ታጋይ ርቀት አያውቅም፤ ጥበቡ የሚጀምረው ከተያያዘ በኋላ ነው። በቴኳንዶ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ውጊያ ነው፤ አንድ እርምጃ መግባትና አንድ እርምጃ መውጣት በዘመናት የተመዘነ ነገር ነው። ይህን የተማረ ታጋይ ለመያዝ ሲገባ ጊዜውን ያውቃል። ጉዳቱ ደግሞ ይህ ነው፤ በቴኳንዶ ውድድር መያዝና መጣል የተከለከለ ስለ ሆነ ተማሪው ቀጥ ብሎ መቆምን፥ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ማንሣትን ይለምዳል፤ በትግል ሜዳ አንድ እግሩን ያነሣ ሰው ደግሞ ራሱን ለጠላፊው ያስረከበ ነው። ስለዚህ በእኛ ፍርድ ቴኳንዶ ለታጋይ ልጅ የሚጠቅመው ትግሉን ሳያቋርጥ፥ በሳምንት ከሁለት ቀን ባልበለጠ ጊዜ ሲማረው ነው። ካራቴም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ዉሹ የሚያስተምር ቢገኝና በውስጡም ሳንዳ የሚባለው ቢኖርበት፥ መምታትና መጣል በአንድነት የሚፈቀድበት ስለ ሆነ ለታጋይ ከሁለቱ ይልቅ ይቀርባል፤ ነገር ግን ራስን መምታት አለበትና ስለ ቦክስ የምንናገረው እርሱንም ይመለከታል።

ስለ ቦክስ ቃላችን አጭርና ጽኑ ነው። የቦክስ እግር አረጋገጥ፥ ገመድ መዝለሉ፥ አየር መምታቱ ለማንኛውም ወጣት መልካም ነው፤ የሌላው ልጅ ጡጫ በራሱ ላይ ማረፉ ግን መልካም አይደለም። የአሜሪካና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበሮች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የጋራ መግለጫ ልጆችና ጐልማሶች ያልሆኑ ወጣቶች ቦክስ እንዳይገጥሙ መክረዋል፤ ምክንያቱም የቦክስ ዓላማ ሆን ብሎ ራስን መምታት ስለ ሆነ ነው። በማደግ ላይ ያለ አእምሮ ከጐልማሳው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። በማናቸውም ጨዋታ ራሱን ተመትቶ የደነገዘ፥ ያስመለሰው ወይም የት እንዳለ ግራ የገባው ልጅ ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ሐኪም ሳያየውም ልምምድ አይጀምርም። መምህሩ «ወንድ ልጅ ይቻለዋል» ቢልዎ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

እዚህ ላይ አንድ የምናደንቀው ነገር አለ፤ ይኸውም ፈረስ ነው። የባሌ ሰው በፈረስ ወዳድነቱ የታወቀ ነው፤ ጕግስም ከጥንት የጦር ልምምድ የተገኘ ጨዋታ ነው። ያለ እርካብ በጭኑ ብቻ ፈረስ መያዝ የለመደ ልጅ ወገቡና ጭኑ እንዴት እንደሚጠና የሚያውቅ ያውቀዋል። ፈረስ ገዝቶ መቀለብ ለደመወዝተኛ ባይቻልም፥ ልጁ የጓደኛውን ፈረስ ውሃ ሊያጠጣ ሲሄድ ተቀምጦ ቢመለስ አይቈጡት።

የትኛውስ ጥበብ በየትኛው ዕድሜ? በሩሲያ ውስጥ በካውካስ ተራራ ላይ ያለችው ዳግስታን ትንሽ አገር ስትሆን ታጋዮችዋ ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው። ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚመለከቱት ከቢብ ኑርማጎሜዶቭ የዚያ አገር ሰው ነው። በልጅነቱ አባቱ ያስያዘው ትግልን ነበር፤ ጁዶ የጀመረው ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ሳምቦ የሚባለውን፥ ከጁዶና ከልዩ ልዩ የትግል ስልቶች በሶቪየት ዘመን የተዘጋጀውን ጥበብ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጨመረ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሙያውን ሲተው ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ሰዎች የሚያዩት የመጨረሻውን ነው፤ እኛ ማየት የሚገባን ግን ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የገባው ሥር ሳይሰድድ ሁለተኛው አልተተከለም።

መምህር በሌለበት ጊዜስ? ጁዶ ባይኖርም መውደቅን መማር ይቻላል። የትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጐልመሻ መምህር ይህን ያውቃል፤ ባያውቅም ከሮቤ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኙ የስፖርት ሳይንስ ሰዎች ቢጠይቅ የሚያፍርበት አይደለም። ምንጣፍ የለንም የሚል ምክንያት ግን በባሌ አይሠራም። በዓመት ሁለት ጊዜ በሚዘራበት ምድር፥ ስንዴ በሚታጨድበት አገር ገለባ እንዴት ይታጣል? ጆንያ በገለባ ጠቅጥቆ መስፋት፥ ደርድሮ ሸራ ማልበስና ጠርዙን በገመድ ማሰር ነው። ገለባው በየወሩ ካልተለወጠ ይደቅቅና አቧራ ይሆናል፥ እርጥበት ካገኘውም ይሻግታልና ይህን መጠንቀቅ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ተቀምጠው፥ ቀጥሎ ቁጢጥ ብለው፥ በመጨረሻም ቆመው መውደቅን ይለማመዱ። በቀን ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።

አንገትንም አትርሱት። የታጋይ አንገት እንደ በሬ አንገት ነው፤ ካልጠና ሁሉም ከንቱ ነው። ነገር ግን ልጆች በራሳቸው ቆመው ድልድይ ሲሠሩ እናያለን፤ ይህ ያለ መምህር የሚሠራ አይደለም። መዳፍን በግንባር ላይ አድርጎ መግፋትና በአንገት መመከት፥ እንዲሁም ከኋላና ከጐን ማድረግ ለጀማሪ ይበቃዋል።

ስለ ምግብና ስለ ክብደት ደግሞ አንድ አደገኛ ልማድ አለ። ውድድር በክብደት የሚከፈል ስለ ሆነ ታጋዮች ዝቅ ወዳለው ክብደት ለመግባት ውሃ ከመጠጣት ይከለከላሉ፥ ወፍራም ልብስ ለብሰው በላብ ይቀልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በዚሁ ምክንያት ሞተዋል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደት አይቀንስም፤ በደረሰበት ክብደት ይታገል። በረመዳን የሚጾመው ልጅ ከባዱን ልምምድ ካፈጠረና ውሃ ከጠጣ በኋላ ያድርገው፤ በዐቢይ ጾም የሚጾመውም ምስርና ሽሮ ሳይጐድልበት ልምምዱ ቀለል ይበልለት። ደግሞም ጊኒር ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ፥ ጎባ ግን ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ለውድድር ወደ ጎባ የሚወጣ የጊኒር ልጅ በመጀመሪያው ቀን ትንፋሹ ቢያጥረው ስንፍና አይምሰላችሁ፥ ከተቻለ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ ይሂድ።

የቀረው መምህሩን መምረጥ ነው፤ ይህም ከጥበቡ ስም ይልቅ ይከብዳል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ ወደ ልምምዱ ቦታ ጐራ ብለው ጥግ ላይ ይቀመጡ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት አይዩ። መምህሩ ታናሹን ልጅ ከማን ጋራ እንደሚያገጥመው ይዩ፤ ክብደታቸው የተመጣጠነ ነው ወይስ ታላቁ እንዲሥቅበት ነው? ልጅ ሲያለቅስ ምን ይላል? የተያዘው ልጅ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ አድርጎ «በቃኝ» ሲል ያዡ ወዲያውኑ ይለቅቃልን? ከዚያም ተነሥተው፥ «ልጄ ታጋይ ነው፤ ትግሉን እንዳይተው እፈልጋለሁ» ይበሉት። «ያንን ይርሳው፥ እኔ አዲስ አድርጌ አሠራዋለሁ» ካለዎ አመስግነው ወደ ቤትዎ ይመለሱ። «እስቲ ያምጡትና እንዴት እንደሚታገል ያሳየን፤ ልጆቼም ከርሱ ይማሩ» ካለዎ ግን በማግስቱ ልጁን ይዘውት ይምጡ።